ስለ ቤንዜን ጥቅምና ስለ ጉዳቱ

ውሃ ጨውንና ስኳርን ያሟሟል፤ ቅባትን፥ ጎማንና ሬንጅን ግን አያሟሟም። ስለዚህ ቀለም የሚበጠብጥ፥ ጎማ የሚለጥፍ፥ ከቅባት እህል ዘይት የሚያወጣ፥ የጫማ ሶል የሚያጣብቅ ሰው ሁሉ ውሃ የማይሠራውን የሚሠራለት ሌላ ፈሳሽ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ የኬሚስትሪ ሊቃውንት አሟሚ ይሉታል። የአሟሚ ጠባይ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ አየር ተንኖ መሄዱ ነው፤ ሙጫው ይጠነክራል፥ ቀለሙም ይደርቃል፥ ፈሳሹ ግን ከዚያ ወዲያ አይታይም። ብዙ ሰው ያልታየውን ነገር እንደሌለ ይቈጥረዋል። የተነነው ፈሳሽ ወዴት ሄደ ብሎ ለጠየቀ ሰው ግን መልሱ፥ ከፊሉ በመስኮት ወጣ፥ ከፊሉም በሠራተኛው ሳንባ ገባ የሚል ነው። ከእነዚህ አሟሚዎች ውስጥ ዛሬ የምንናገረው ታሪኩ ከሁሉ ይልቅ ስለ ተመረመረው ስለ ቤንዜን ነው።

በመኪና ውስጥ የሚነደውን ቤንዚንና ይህን ቤንዜን አንድ አድርጎ የሚያስብ ሰው እንዳይኖር አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንናገራለን። ቤንዚን ከብዙ ዓይነት ፈሳሾች የተደባለቀ ነዳጅ ነው፤ ቤንዜን ግን ከእነዚያ ፈሳሾች አንዱ ሲሆን ለብቻው ነጥሮ ይወጣል። የሁለቱም ስም የመጣው ከዕጣን ነው። ዓረቦች ከሱማትራ ወገን የሚመጣውን መዓዛው ያማረ ሙጫ ሉባን ጃዊ፥ ማለት የጃዋ ዕጣን ይሉት ነበር፤ ልባንጃ የሚለውን የአገራችንን ቃል የሚያውቅ አንባቢ ዝምድናውን ወዲያው ይሰማዋል። የአውሮፓ ነጋዴዎች ስሙን በየቋንቋቸው እየቈራረጡ ቤንዞይን አሉት። በ1833 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት፥ ከአገራችን አዋጅ ቍጥር በቀር፥ ሁሉም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሚቸርሊክ የተባለው የጀርመን ሊቅ ከዚህ ሙጫ የሚገኘውን አሲድ ከኖራ ጋራ አሙቆ አንድ የጠራ ፈሳሽ አወጣና በሙጫው ስም ጠራው። ፈሳሹን ግን ከርሱ በፊት በ1825 የእንግሊዙ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ከመብራት ጋዝ ቅሪት ለይቶ አግኝቶት ነበር። በ1849 ደግሞ ቻርልስ ማንስፊልድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በብዛት የሚነጠርበትን መንገድ አሳየ። ይኸው ማንስፊልድ በ1855 ለፓሪስ ኤግዚቢሽን የሚቀርበውን ሲያነጥር ማንጠሪያው ገንፍሎ እሳት ያዘውና በቃጠሎው ሞተ። እንግዲህ ፈሳሹ በብዛት ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ጠባዩን አልሸሸገም።

ቤንዜን እንደ ውሃ የጠራ፥ ሽታው ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ ነው። በ80 ዲግሪ ሙቀት ይፈላል፤ ሳይፈላም በቤት ሙቀት ፈጥኖ ይተናል። ትነቱ ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጥ የከበደ ስለ ሆነ ወደ ጣራ አይወጣም፤ በወለሉ ላይ እየተሳበ ዝቅተኛውን ቦታ ይፈልጋል፤ በዚያም ምድጃ ወይም የተለኰሰ ሲጋራ ቢያገኝ እሳቱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ እስከ ዕቃው ይደርሳል። ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ቅዝቃዜ በ11 ዲግሪ ዝቅ ባለ ብርድ እንኳ ትነቱ እሳት ይቀበላል።

ያም ሆኖ ከርሱ ይልቅ ጎማን፥ ቅባትንና ሙጫን ፈጥኖ የሚያሟሟ ርካሽ ነገር በዚያ ዘመን ስላልተገኘ ወደ ብዙ ሥራ ገባ። የጎማ ፋብሪካዎች፥ ማተሚያ ቤቶች፥ የልብስ ማጽጃ ቤቶችና የጫማ ሠሪዎች ተጠቀሙበት። የቡና አገር ሰዎች ለሆንነው ለኛ የሚደንቀን ደግሞ ሌላ አለ፤ ሉድቪግ ሮዜሊውስ የተባለው የጀርመን ነጋዴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንቅልፍ የሚከለክለውን ካፌይን ከቡና ለማውጣት ባዘጋጀው ዘዴ፥ ቡናው በእንፋሎት ከለሰለሰ በኋላ የሚታጠበው በቤንዜን ነበር። ያ ዘዴ ከተተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ በዓለም ከሚሠራው ቤንዜን አብዛኛው ለአሟሚነት አይሸጥም፤ በተዘጋ ጋንና በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሆኖ ወደ ፕላስቲክ፥ ወደ ናይሎንና ወደ ልብስ ማጠቢያ ዱቄት ይለወጣል። ወደዚህ ጥንቃቄ የተደረሰው ግን ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

በ1897 ሳንቴሶን የተባለ የስዊድን ሐኪም በኡፕሳላ ከተማ የብስክሌት ጎማ በሚሠራበት ፋብሪካ ያሉ ወጣት ሴቶች ደማቸው እያነሰ፥ በየአካላቸውም ደም እየፈሰሰ አራቱ እንደ ሞቱ ጽፎ አስታወቀ። ምክንያቱ ቤንዜኑ መሆኑንም ተናገረ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው፤ ቀዩ ደም ትንፋሽን ወደ አካል ሁሉ ያደርሳል፥ ነጩ በሽታን ይዋጋል፥ ደቃቁም ቍስል ሲደማ ያረጋል። በትንፋሽ የገባው ቤንዜን በጉበት ውስጥ ወደ ሌላ መርዝ ይለወጥና መቅኔውን ያደርቃል። ሠራተኛው መጀመሪያ ድካም ይሰማዋል፥ ፊቱ ይገረጣል፥ ድዱ ይደማል፥ ትንሽ ቍስልም አልድን ይለዋል። መቅኔው ጨርሶ ካልደረቀ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ያልተሟላ ነጭ ደም ያለ ልክ ማፍላት ይጀምራል፤ ይህም የደም ነቀርሳ የሚባለው ደዌ ነው። ሽታውን የለመደ ሰው ምንም ሳይታወቀው ይህ ሁሉ በውስጡ ይፈጸማል።

አንድ ነገር ጎጂ መሆኑ በ1897 ከታወቀ ሥራው በዚያው ጊዜ ይቀራል ብሎ የሚገምት ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፈንጂ መሥሪያ ቶሉይን የተባለው ፈሳሽ በብዙ ስለ ተፈለገ፥ ከሰል በሚያከስሉ ምድጃዎች ላይ ማንጠሪያ ተተከለ። ከቶሉይኑ ጋራ ግን ቤንዜንም አብሮ ይወጣል። ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ይህ ሁሉ ቤንዜን ገዢ ፈለገ፤ ዋጋውም ስለ ረከሰ በየፋብሪካው ገባ። አሊስ ሐሚልተን የተባለችው አሜሪካዊት ሐኪም በ1922 አደጋው እየሰፋ መሄዱን በሐኪሞች መጽሔት ጽፋ አስጠነቀቀች። በ1948 ደግሞ የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ራሱ ባሳተመው የሐኪሞች ምርመራ፥ በፍጹም የማያሰጋው የቤንዜን መጠን ባዶ ብቻ ነው የሚል አሳብ ተጽፎ ነበር። ነጋዴዎቹ ያሳተሙት ቃል ይህ ሲሆን፥ ፈሳሹ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት በጣሳ እየተሞላ ለድኻ ሠራተኛ ተሸጧል።

ይህም ከሁሉ ይልቅ በኢስታንቡል ታየ። ከ1955 እስከ 1960 ባለው ጊዜ የቱርክ ጫማ ሠሪዎች ቤንዜን ያለበትን ሙጫ ማዘውተር ጀመሩ፤ ርካሽ ነበርና፥ ፈጥኖም ይደርቃልና። የሥራ ቤቶቹ ጠባብና አየር የሚያጥራቸው ነበሩ። ሙዛፈር አክሶይ የተባሉት የደም ሐኪም ወደ ሆስፒታላቸው የሚመጡት የደም በሽተኞች ብዙዎቹ ጫማ ሠሪዎች መሆናቸውን አስተዋሉ። ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ ብቻ አልቆዩም፤ ወደ ሥራ ቤቶቹ ሄደው አየሩን አስለኩ። ሙጫው በሚቀባበት ሰዓት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ከ210 እስከ 650 የሚሆነው እጅ ቤንዜን ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በብዙ አገር ለሠራተኛ የተፈቀደው 1 እጅ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ከ28,500 ጫማ ሠሪዎች መካከል 26ቱ የደም ነቀርሳ ወይም የዚያ መነሻ ሕመም እንደ ደረሰባቸው አስታወቁ፤ ይኸውም በሌላው ሕዝብ ዘንድ በዓመት ከ100,000 ሰው 6 ያህል ሲታመም በነርሱ ዘንድ ከ13 በላይ ማለት ነው። ከ1969 ጀምሮ ቤንዜኑ ቀስ በቀስ ከሙጫው ሲወጣ፥ ወደ ሐኪሙ የሚመጡት ጫማ ሠሪዎች ቍጥርም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እየጐደለ ሄደ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግ አናውቅም።

ኢጣልያ ቀደም ብላ በ1963 ቤንዜንን ከሙጫና ከቀለም የሚያግድ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ መልካም ሥራ ሠራ፤ የመቅኔው በሽታ ቀነሰ። ነገር ግን ሙጫ ሠሪዎቹ በቤንዜን ፋንታ ሄክሳን የተባለውን ፈሳሽ አገቡበትና፥ ጫማ ሠሪው ከድጡ ወደ ማጡ ገባ። ሄክሳን መቅኔ አይነካም፤ የሚጐዳው ጅማትን፥ ይኸውም ስሜትን ወደ አካል የሚያደርሰውን ነርቭ ነው። ሕመሙ ከእግርና ከእጅ ጣት ጫፍ ይጀምራል፤ መጀመሪያ መደንዘዝ፥ ቀጥሎ መዛል ይመጣል፤ መርፌ መያዝና ደረጃ መውጣት ያቅታል። ሥራውን ከተወ በኋላ እንኳ ጥቂት ወራት እየባሰበት ቆይቶ ነው ቀስ እያለ የሚሻለው። በጃፓን የነጠላ ጫማ ሠሪዎች ዘንድ በ1960ዎቹ ዓመታት ከተመረመሩት 1,662 ሠራተኞች 93ቱ በዚህ ሕመም ተይዘው ተገኝተዋል። ነገሩ የድሮ ብቻ አይደለም፤ በ2009 በቻይና በሱጆ ከተማ የስልክ መስተዋት የሚወለውሉ 137 ሠራተኞች አልኮል በሄክሳን ስለ ተለወጠባቸው ታመዋል። የተለወጠበትም ምክንያት ሄክሳን ከአልኮል ይልቅ ፈጥኖ ስለሚደርቅ ነው። ፈጥኖ ይደርቃል ማለት ፈጥኖ ወደ ሳንባ ይገባል ማለት እንደ ሆነ ያዘዘው ሰው አላሰበበትም።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ1971 በዤኔቭ ባወጣው ስለ ቤንዜን በተደረገው ስምምነት፥ የማይጐዳ ወይም ጉዳቱ ያነሰ ምትክ በተገኘ ጊዜ ሁሉ ምትኩ እንዲሠራበት፥ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ወደዚህ ሥራ እንዳይገቡ፥ 18 ዓመት ያልሞላቸውም በትምህርት ላይ ሆነው በሐኪምና በአስተማሪ ቍጥጥር ካልሆነ በቀር እንዳይነኩት፥ በዕቃውም ላይ ስሙና የአደጋው ምልክት ጐልቶ እንዲጻፍ ደንግጓል። አሜሪካም በ1978 መጠኑን ወደ 1 እጅ ዝቅ ብታደርግ የነዳጅ ማኅበሩ ተከራክሮ በ1980 በጠቅላይ ፍርድ ቤት አፈረሰው፤ እንደገና የጸናው በ1987 ነው። ከኡፕሳላ ሴቶች ሞት እስከዚያ ቀን 90 ዓመት ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ መመለስ፥ ማለት የተነነውን አሟሚ ይዞ እንደገና ስለ መጠቀም እንናገር። አረቄ የምታወጣ ሴት ይህን ጥበብ ታውቀዋለች፤ ትነቱን በቀዝቃዛ ቧንቧ አሳልፋ ወደ ፈሳሽነት ትመልሰዋለችና። ታላላቆቹ ፋብሪካዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን የነርሱ ትነት በብዙ አየር ውስጥ የተበተነ ስለ ሆነ አስቀድመው ይሰበስቡታል። አየሩን ከመኪናው ላይ በማራገቢያ ስበው በልዩ ሁኔታ በተሰናዳ ከሰል ውስጥ ያሳልፉታል፤ ከሰሉ አሟሚውን ይይዝና ንጹሑን አየር ይለቃል። ከሰሉ በጠገበ ጊዜ የውሃ እንፋሎት ይሰደድበታል፤ አሟሚው ከእንፋሎቱ ጋራ ወጥቶ ይቀዘቅዛል፤ ከውሃም ጋራ ስለማይዋሐድ ዘይት እንደሚንሳፈፍ ተንሳፍፎ ይቀዳል። በአውሮፓ ታላላቅ የመጽሔት ማተሚያ ቤቶች ከቀለሙ ውስጥ የሚተነውን ቶሉይን በዚህ መንገድ ከመቶ ከ90 በላይ እየመለሱ ይጠቀሙበታል። ይህን የሚያደርጉት ለሠራተኛው በማዘን ብቻ አይደለም፤ የሚተነው ነገር ገንዘብ ነውና።

የዘይት ፋብሪካም እንደዚሁ ነው። ኑግ ተጨምቆ ከቀረው ፋጉሎ ውስጥ ገና ብዙ ዘይት አለ፤ ፋጉሎውን በሄክሳን ቢያጥቡት ከመቶ አንድ ያህል ብቻ እስኪቀር ድረስ ዘይቱ ይወጣል። ሄክሳኑም በሙቀት ከዘይቱና ከፋጉሎው ተለይቶ፥ ቀዝቅዞ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ነገር ግን ያመለጠው ሄክሳን ምን እንደሚያደርግ የሉዊቪል ሰዎች ያውቃሉ። በ1981 የካቲት ወር በዚያች የአሜሪካ ከተማ ከአንድ የአኩሪ አተር ፋብሪካ ያመለጠ ሄክሳን በቆሻሻ ውሃ መውረጃ ቦይ ገብቶ፥ ከአንዲት መኪና የተነሣ ብልጭታ አቀጣጠለውና ከሦስት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ከሥሩ ተገለበጠ። ፍንዳታው የደረሰው ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ስለ ነበረ ሰው አልሞተም።

እንግዲህ ነገሩ ወደኛ ይመጣል። በመርካቶ ዙሪያና በሌሎችም ከተሞቻችን ብዙ ትናንሽ የጫማ ሥራ ቤቶች አሉ፤ እንጀራቸውም የከበረ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ከሰልና እንፋሎት ያለውን መመለሻ ሊተክል አይችልም፤ ተከል ብሎ ማዘዝም በሠራተኛው ላይ መቀለድ ነው። ለታናሹ ቤት የሚስማማው መመለሻ ክዳን ነው። ሙጫው በሰፊ ሳሕን ክፍቱን ከሚውል፥ ብሩሹ ብቻ የሚገባበት ክዳን ባለው ዕቃ ቢቀመጥ፥ ጣሳው እስከ ማታ ይበቃል፥ የሚተነፈሰውም ያንሳል። የሚቀባበት ገበታ በበሩ ወይም በመስኮቱ አጠገብ ቢሆን፥ የተቀባውም ጫማ ሰው በማይቀመጥበት ቦታ ቢደርቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በእጅ ላይ የተጋገረ ሙጫ በአሟሚ ሳይሆን በዘይትና በሳሙና ቢታጠብ ይሻላል፤ ፈሳሹ በቈዳም ይገባልና። አሟሚ የነበረበት ጀሪካን ለውሃ ወይም ለጠላ ከቶ አይደረግም፤ ባዶውንም በርሜል በእሳት መቍረጥ ፈንጂ መንካት ማለት ነው። በመንገድ ዳር የሚያድሩ ልጆች ማስቲሽ ሲስቡ እያየን ስናልፍ፥ የሚስቡት ሠራተኛው ሳይወድ የሚስበውን ዓይነት ፈሳሽ መሆኑንም እናስብ።

ካህናትም በዚህ ጉዳይ ሥራ አላቸው። በ1700 ራማዚኒ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም፥ ሐኪም ሁሉ ድውዩን ሥራህ ምንድር ነው ብሎ ይጠይቅ ብሎ ጽፎ ነበር። በአገራችን ጣቱ የሚደነዝዘው ወይም ድዱ የሚደማው ወጣት ብዙ ጊዜ ከሐኪም አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠበልና ወደ ነፍስ አባቱ ነው። ነፍስ አባቱ ይህን ጥያቄ ቢጠይቀውና ሙጫ እንደሚቀባ ቢሰማ፥ ጠበሉን ሳያስቀር ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ደሙን እንዲያስመረምር ሊያዘው ይችላል።

የመንግሥት ሹማምንት ሥራ ግን ከዚህ ይበልጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን፥ 18 ዓመት ያልሞላውንም ለጤና በሚያሰጋ ሥራ ላይ ማዋልን ይከለክላል። አዋጁን የሚያስፈጽም ተቈጣጣሪ ግን ከዓሥር ሰው በታች ባለበት ጓዳ ሁሉ እየገባ አየር ሊለካ አይችልም። ሙጫው ወደ ሺህ ጓዳ ከመበተኑ በፊት በጥቂት በር ብቻ ያልፋል፤ ይኸውም በጕምሩክና በሙጫ ፋብሪካው በር ነው። ቍጥጥሩ በዚያ ቢጠና አንድ ሹም የሺህ ተቈጣጣሪ ሥራ ይሠራል። ሻጩ ቤንዜን የለበትም ብሎ ቢምል አይበቃም፤ የኢጣልያ ጫማ ሠሪዎች ጣታቸው የደነዘዘው ቤንዜን በሌለበት ሙጫ ነውና፥ በምትኩ ምን እንደ ገባበት መጠየቅ ያስፈልጋል። በውሃ የተበጠበጠ ሙጫ በሚበቃበት ሥራ እርሱ ቢመረጥ መልካም ነው፤ ለመድረቅ ትንሽ ይዘገያል፥ ሠራተኛውም ይህን ዘግይቶ መድረቅ ስለማይወድ በዋጋ ወይም በቀረጥ ቢረዳ ይለምደዋል። የጕምሩኩ ሹም ጣሳውን አንሥቶ ባዞረው ጊዜ በውስጡ ያለው አሟሚ ስሙና መጠኑ፥ የአደጋውም ምልክት ጫማ ሠሪው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎ ካላገኘ፥ ያ ጣሳ በዚያ በር የሚያልፍበት ምክንያት የለም።